መተንፈስ የሰለቸኝ ክረምት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ በሕይወቴ ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን እገለብጥ ነበር፤ ከራሴ አውጥቼ ግን አንድ ገጽ እንኳ ሞልቼ አላውቅም። ጌታ ያደረገልኝን ለመናገር ሦስት እሑድ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ፤ ሦስቱንም እሑድ «ጌታ ይባረክ» ብቻ ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ። እትዬ ሙሉ ይህን አይተው፣ «መቆሙ ካሳፈረሽ ጻፊው የኔ ልጅ፤ እኔ አነብልሻለሁ» አሉኝ። ስለዚህ አሁን የምትሰሙት ድምፅ የእርሳቸው ነው፤ ነገሩ ግን የእኔ ነው። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ አለሁ። እባካችሁ ዞራችሁ አትዩኝ።

የተወለድኩት ከአርብ ገበያ ወደ ታች አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስላረፈ እኔና እናቴ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እናቴ ገብስ እየቆላች ቆሎና በሶ አዘጋጅታ ዓርብ ዓርብ ገበያ ታወጣለች። እኔ ደግሞ ከብረት ምጣዱ ሥር ኩበት እየማገድኩ አደግሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ የምንቆላውም፣ የምንበላውም፣ የምንተኛውም እዚያው ነው። ጭሱን እንደ ቤታችን ሽታ ነበር የምናየው፤ ይጎዳናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሳሉ የጀመረኝ በልጅነቴ ነው። ትምህርቴን ያቆምኩትም በእርሱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ስለነበር ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሼ ያልቅና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ደወሉ ይደወል ነበር። እያደግሁ ስሄድ ደግሞ ደረቴ ውስጥ ፉጨት ገባ። ስተነፍስ ሲጥ ሲጥ ይላል። አንድ ዓርብ ከእናቴ ጋር ገበያ ተቀምጠን ሳለ አጠገባችን ጨው የሚሸጥ ሰውዬ ጆሮውን ቀስሮ፣

«እሜቴ፣ ከጆንያሽ ውስጥ ድመት አለች እንዴ?» አላት እናቴን።

«የምን ድመት?» አለች እናቴ።

ጠጋ ብሎ አዳመጠና ወደ እኔ ዞረ። «ለካ ድመቷ ልጅሽ ናት! በይ ዕድለኛ ነሽ፣ አይጥ ከገብስሽ አይደርስም!»

ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ወዲያው አንድ እፍኝ ጨው ሰጥቶናል። እኔ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቀለልኩና ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ አልወጣሁም። በዚያው ዓመት ለልጃቸው ሊያጩኝ ሽማግሌ ልከው ቃል የተቀበሉ ሰዎች፣ «ልጅቷ ሳንባዋን ታማለች አሉ» ብለው ነገሩን አቆሙት። የልጁን ስም አልጽፍም። አሁን ትዳር ይዟል፤ እግዚአብሔር ቤቱን ይባርክለት።

ቅዱሳን፣ እዚህ ላይ ስለ እናቴ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። እናቴ ጠበል ወስዳኛለች፤ ስለ እኔ ጦማለች፤ ጤና ጣቢያም አድርሳኛለች። የእናቴን ጸሎት የማቃልል እንዳይመስላችሁ። ነገር ግን በእኛ አገር ደረት የሚያመው ሰው ሁሉ «ብርድ ገብቶት ነው» ይባላል። ብርድ ከገባ መድኃኒቱ ሙቀት ነው፤ ንፋስ ማየት የለበትም። ስለዚህ እናቴ ሰኔ ሲገባ ጭቃና እበት ለወሰች። የቤቱን ግድግዳ በመዳፏ እየደባበሰች፣ ብርሃን የሚያስገባ ስንጥቅ ባገኘች ቁጥር መረገችው። ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን እንኳ በጨርቅ ወተፈችው። መኝታዬን ከምድጃው አጠገብ አደረገች። እሳቱ ቀኑን ሙሉ እንዳይጠፋ ኩበት ትጨምራለች፤ ጋቢ ደራርባ ታለብሰኛለች። «አይዞሽ፣ አሁን ንፋስ የሚባል ነገር አያገኝሽም» ትለኛለች። በፍቅር ነው ያደረገችው። እኔም በፍቅሯ ውስጥ ታፍኜ ተኛሁ።

ሐምሌና ነሐሴን እንደዚያ ነው ያሳለፍኩት። መጀመሪያ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ዳገት ላይ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ውሃ ስቀዳ ሆነ። ቀጥሎ ፀጉሬን ስበጥር። በመጨረሻ ተኝቼም ያጥረኝ ጀመር። ግን ወገኖቼ፣ የከፋው እርሱ አልነበረም። የከፋው ምንም የማይሰማኝ መሆኑ ነው። ያዘንኩ አይመስለኝም ነበር፤ ያዘነ ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ማልቀስም አልቻልኩም። ምግቡ ጣዕም የለው፤ ሰው ሲያወራ ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ቀን ይሁን ማታ አይገደኝም። መተንፈስ ሥራ ሆነብኝ፤ ሥራውም ሰለቸኝ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ሁለት ቀን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነበር። ጤና ጣቢያ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥተውኝ ነበር፤ ፓፍ ይሉታል። እናቴ ጠዋት ጠዋት «ሳብሽ?» ስትለኝ «አዎ» እላታለሁ። አልሳብኩም። አንድ ቀን አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ አልሳብኩም። ራሴን በገመድ ወይም በመርዝ ለማጥፋት አላሰብኩም። ትንፋሼ በራሱ ጊዜ እንዲያልቅ ብቻ ነበር የምጠብቀው። እናቴም ታርፋለች እላለሁ። ሸክሟ ይቀልላታል እላለሁ። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ ስሙ ይባረክ!

እትዬ ሙሉን አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እዚህ ገበያው ዳር በልብስ ስፌት መኪናቸው የሚሰፉት ናቸው። ከእናቴ ጋር ደንበኛሞች ነበሩ። ነሐሴ ሲጋመስ መንገድ ሊሄዱ ኖሮ በሶ ሊወስዱ በዝናብ ቤታችን መጡ። በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን እንዳስገቡ ሳል ያዛቸው፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣

«እንደው የኔ እናት፣ እዚህ ቤት የምትቆዪው ገብስ ነው ወይስ ሰው?» አሉ።

እናቴ ከፋት። «ልጄ ብርድ ገብቷት ነው። በሩን ዝጊው ይልቅ፣ ንፋስ ገባባት!»

«ዘጋሁት፣ ዘጋሁት። የት አለች ልጅቷ? በጭሱ አላየኋትም እኮ።»

እየዳበሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የመጣ ሰው ሁሉ «ደረትሽን እንዴት ነው?» ነበር የሚለኝ። እትዬ ሙሉ እጄን ይዘው፣ «ደረትሽንስ ከደጅ ሆኜ ሰማሁት። አንቺስ እንዴት ነሽ?» አሉኝ። ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ «ልጸልይልሽ?» አሉኝ፤ ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። አጭር ጸሎት ጸለዩ። ወዲያው ተነሥተው ለእናቴ፣ «ይቺ ልጅ ነገ ትልቁ ሆስፒታል ካልሄደች እኔም መንገዴን አልሄድም» አሏት። የሚሄዱበት ሰርግ ነበር፤ ቀሩ።

በማግሥቱ የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አወጡኝ፤ እናቴና እትዬ ሙሉም አብረውን መጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ እየተቀባበሉ ይሸከሙኛል። አንደኛው «ይቺ ልጅ ላባ ናት እንዴ? ተሸክሜያት ነው ወይስ ባዶውን ነው የያዝኩት?» ሲል ሌላው «አንተ በሶዋን ስትበላ ከርመህ ነዋ የጠነከርከው!» ይለዋል። እንዲያስቁኝ ብለው ነው። እኔ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ስቤ፣ እነዚህ ሰዎች አስከሬን ተሸክመዋል፣ አላወቁም እንጂ፣ እል ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አወጣ፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባች፣ ሲነፉባት ጠቋሚዋ ወደፊት የምትሸሽ። የሳንባ ጉልበት የሚለካው በእርሷ ነው አለኝ። «አየር ሳቢና ባለሽ ኃይል ንፊ።» ነፋሁ። ጠቋሚዋ ቀዩ ላይ ቀረች። «ድገሚ።» ያው ነው። ሦስተኛ ስነፋ የሚያየው ቱቦዋን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

«ፓፉን ትስቢያለሽ?» አለኝ።

«በየቀኑ» ብላ እናቴ መለሰችልኝ፤ ፓፉንም ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አሳየችው። ተቀብሎ ነቀነቀው። ወደ ጆሮው አስጠግቶም ነቀነቀው። ከዚያ በትሕትና፣ «እናቴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ውጭ ይቆዩኝ» አላት።

ሁለታችን ስንቀር፣ «ፓፉ ሙሉ ነው፤ አልተነካም» አለኝ። መሬት መሬት አየሁ።

«ስትነፊም ልብሽ ከሌላ ቦታ ነበር። የምትነግሪኝን ለማንም አልናገርም። መኖር ትፈልጊያለሽ?»

ወገኖቼ፣ እኔ የሰው ዓይን ቀና ብዬ የማላይ ሴት ነኝ። እንዴት አፌ እንደተከፈተ አላውቅም። «አይ» አልኩ። ከዚያ ያ ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ሁለት በሽታ ነው ያለብሽ» አለኝ። «አንዱ አስም ነው፤ ጭሱ አባብሶታል። ሁለተኛው ድባቴ ይባላል። እብደት አይደለም፤ ክፋትም አይደለም። እኔ የእስቴ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ እንደ አገራችን ልንገርሽ። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው። ሳንባሽ ሲደክም ልብሽ ይጨልማል። ልብሽ ሲጨልም ትተኛለሽ፣ መድኃኒትሽን ትተያለሽ። ስትተኚ ደግሞ ሳንባሽ ይብሱን ይደክማል።»

እንባዬን እየጠረግሁ፣ «የትኛው በሬ ነው ቀድሞ የተኛው?» አልኩት።

ሳቀ። «እሱን እኔም አላውቅም። ሁለቱንም ነው የምናስነሣው።»

ለሳንባዬ የሚሳበውን፣ ለድባቴው የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘልኝ። ከቤት ውስጥ እሳት እንድርቅ፣ በየቀኑም ጥቂት ጥቂት እንድራመድ ነገረኝ። «ይህን የነገርሽኝን ለእናትሽ መንገር ያንቺ ድርሻ ነው፤ ግን ዛሬውኑ አንድ የምታምኚው ሰው ማወቅ አለበት። ብቻሽን አትያዥው» አለኝ። ደጅ የተቀመጡትን እትዬ ሙሉን ጠራልኝ።

በዚያው ቀን ሆስፒታሉ አስተኝቶኝ ሳለ፣ አመሻሹ ላይ እናቴ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ፣ ለእትዬ ሙሉ ሁሉን ነገርኳቸው። እንዴት አሰብሽው ብለው አልገሠጹኝም። «ለሐኪሙ እንደነገርሽው፣ ለእኔም እንደነገርሽው፣ ለጌታም እንዲያው ንገሪው» አሉኝ። እኔ ጸሎት የሚደገም እንጂ እንደ ወሬ የሚነገር አይመስለኝም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ መተንፈስ ሰልችቶኛል» አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። እትዬ ሙሉ «አሜን» አሉ። ቅዱሳን፣ መብረቅ አልወረደም፤ ፉጨቱም አልቆመም። ግን አንድ ነገር በልቤ በራ፦ የመጀመሪያው ሰው ከአፈር ሲበጅ ትንፋሹን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። የእኔም ትንፋሽ ከእርሱ ነው። እኔ በሰለቸኝ ነገር እርሱ አልሰለቸም! ክረምቱን ሙሉ ጣልኩት ባልኩት ትንፋሽ ሁሉ እርሱ እየቆጠበ አኖረኝ። ሃሌ ሉያ! ያን ቀን ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ።

እናቴ የጭሱን ነገር ከሐኪሙ ስትሰማ እጇን አገላብጣ አየችው። አገላብጣ፣ አገላብጣ አየችው። ቤት እንደደረስን ነጠላዋን ሳታወልቅ ዶማ አነሣች። እኔ ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም። ከመኝታዬ በላይ ያለውን ግድግዳ በአንድ ምት ወጋችው። ጎረቤቶች ሮጠው መጡ፤ «ኧረ ክረምቱ ሳይወጣ ቤቷን ታፈርሳለች! ኧረ ያዟት!» አሉ። «ማንም እንዳይነካኝ!» አለች እናቴ። ራስ የሚያሾልክ መስኮት እስኪሆን ድረስ ፈነቀለችው። ብርሃኑ ፊቴ ላይ ሲወድቅ ዓይኔ አልቻለም። በሳምንቱ ከቤቱ ራቅ አድርጋ ዳስ አስጣለችና ገብሱን እዚያ መቁላት ጀመረች።

መራመዱ ግን ከመድኃኒቱ ሁሉ በለጠብኝ። ትንፋሽ ስላጠረኝ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር አንዲት ወጣት ሴት ጀርባዋ ላይ ሸክም ወይም በእጇ ዕቃ ሳትይዝ መንገድ ለመንገድ ከሄደች ወይ አብዳለች፣ ወይ ወንድ ትፈልጋለች ነው የሚባለው። ለጤና መራመድ የሚባል ነገር የለም። እኔ ዓይን አፋሯ ምን ላድርግ? ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጀርባዬ ላይ አዘልኩ። ሰው ሲያየኝ ውሃ ልትቀዳ ነው ይላል። መጀመሪያ ቀን እስከ ባሕር ዛፉ፣ በሳምንቱ እስከ ምንጩ፣ በወሩ ምንጩን አልፌ እስከ ማዶው ጉብታ ደረስኩ። ከጀሪካኑ ጋር እንዲህ ሰው ሳታለል ከረምኩ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን አያ ጌጡ ከማሳቸው ዳር አስቆሙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ጀሪካን ይዘሽ ምንጩን አልፈሽ ትሄጃለሽ፣ ስትመለሺም ባዶውን ነው። ውሃውን መንገድ ላይ ትጠጪዋለሽ?»

ፊቴ ጋለ። ልዋሽ ነበር። ግን ክረምቱን ሙሉ የዋሸሁት በቃኝ ብዬ፣ «ሳንባዬን እያስለመድኩ ነው አያ ጌጡ። ልቤም ጨልሞብኝ ነበር፤ ጌታ እያበራልኝ ነው። ሐኪሙ ተራመጂ ብሎኝ ነው» አልኳቸው። እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር። ሞፈራቸውን አስደገፉና፣ «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኔም ደረቴን ያፍነኛል። ከማረሻው ነው እል ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሐኪምሽ ሽማግሌም ያያል?» አሉኝ። ያ ነው የመጀመሪያ ምስክርነቴ፤ ሰሚው አንድ ሽማግሌና ሁለት በሬ ነበር። አያ ጌጡ ሆስፒታል ሄደው ታዩ፤ ዛሬ ደህና ናቸው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካኑን ቤት ትቼ እጄን እያወናጨፍኩ መሄድ ጀመርኩ። ያሻቸውን ይበሉ!

ጥር ላይ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። ቱቦዋን ሰጠኝ፤ ነፋሁ። ጠቋሚዋ ቀዩን አለፈች፤ ቢጫውን አለፈች፤ አረንጓዴው ጫፍ ላይ ቆመች። ሐኪሙ ቱቦዋን ለእናቴ አሳያት። እናቴ ምን እንደሆነ ባይገባትም እልል አለች፤ ነርሷ መጥታ «እናቴ፣ እዚህ ሆስፒታል ነው!» አለቻት። ጌታ ይባረክ! ክብር ለእርሱ ብቻ ይሁን!

ግን ወገኖቼ፣ መድኃኒቷን ጥላ ተፈወሰች እንዳትሉ። ፓፌ አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት፤ ጠዋትና ማታ እስባለሁ። የድባቴውንም መድኃኒት የተውኩት ሐኪሙ ቀስ በቀስ ሲያስተወኝ ነው። አንዳንድ ሳምንት ያ ጭለማ ደጄን ያንኳኳል። ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ብቻዬን አልቀበለውም። ያን ሐኪም የሰጠኝ ጌታ ነው። እትዬ ሙሉን በዝናብ የላከልኝ ጌታ ነው። ከእናንተ መካከል ዛሬ መኖር የደከመው፣ ለማንም ያልነገረ ሰው ካለ፣ እኔ እንኳ ተናግሬያለሁና አትፈር፤ አትፈሪ። ለጌታ እንደመጣላችሁ ንገሩት። ለሰውም ንገሩ። ሐኪምም ዘንድ ሂዱ። እርሱ የታመነ ነው። ያመኑትን አያሳፍርም።

እናቴ በዚህ ጉባኤ የለችም። በቤተ ክርስቲያኗ ጸንታለች፤ የእኔ ወደዚህ መምጣት መጀመሪያ አሳዝኗት ብዙ አልቅሳለች፤ አሁን ግን እሑድ ጠዋት ቁርሴን አቅርባ ትሸኘኛለች። ይህ ጽሑፍ በእናንተ ፊት ከመነበቡ በፊት ያልነገርኳትን ልነግራት ይገባ ነበር። ትናንት ገብስ ስታበጥር አጠገቧ ተቀምጬ፣ በዚያ ክረምት መሞት እፈልግ እንደነበር፣ መድኃኒቱን እየዋሸሁ እንደተውኩት አንድ በአንድ ነገርኳት። ሰፌዱ በእጇ ላይ ቆመ። እንደምትጮህ፣ እንደምትረግመኝ ወይም እንደምትሄድ ጠብቄ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«ሌላ ጊዜ ሲጀምርሽ ንገሪኝ። ካለፈ በኋላ አይደለም፤ ሲጀምርሽ።»